መርፌ የማይደርስበት አልጋ

ነርሶቹ ልጄን «አለቃ» ይሏታል። ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሽታዋ የሚድን አይደለም፤ ትእዛዟ ግን ሐኪሞቹን ሳይቀር ያንበረክካል። ከሲስተር ጋር ውል ነበራት፦ አልጋዋ ላይ መርፌ የሚባል ነገር አይደርስም። መወጋት ካለባት ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ባለ ቢጫ በር ክፍል ትሄዳለች። አልጋዋ የእንቅልፍና የተረት ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልብሷን ላጥብ ወጣሁ። ስመለስ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብላለች። ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

«ነይ ተኚ፣ አጥንትሽን ያምሻል።»

«አልተኛም። አዲሱ ሐኪም አልጋዬ ላይ ወጋኝ።»

አዲሱን ሐኪም ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ደሜ ፈልቷል።

«ይረጋጉ፣ እናት። ደም ለመውሰድ ነው። ተኝታ ስለነበር አይሰማትም ብዬ ነው።»

«ተኝታ ስለነበር ነዋ!» አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «አሁን እንቅልፍ ራሱ አስፈራት! የቀራት ይሄ አልጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ትነጥቃት?»

«ውሉን ነግረውኝ ነበር። ቸኩዬ ነው። ይቅርታ።»

ነግረውት ነበር! በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ።

«ይቅርታህን እኔ ላይ አታባክን። ባለጉዳይዋ እዚያ ናት።»

መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። አለቃ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጫማህን አውልቅና አልጋዬ ላይ ተኛ።»

ተኛ። እግሩ ከአልጋው ተርፎ ተንጠለጠለ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

«ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈነ። ጥቂት አቆየችው።

«ፈራህ?»

«አዎ።»

«እኔም» አለችው።

እሱ ተነሳ፤ እሷ ግን አልጋው ላይ አልወጣችም። ሲስተር አንሶላውን ቀየረች፣ አባበለቻት፣ ለመነቻት። ወይ ፍንክች! መጨረሻ ላይ ጭኔ ላይ ሸለብ አደረጋት።

አመሻሹ ላይ አባቷ ከሥራ መጣ። እኛ መጋረጃው ጀርባ ወንበሩ ላይ ነን፤ እሱ ከበሩ የታየው የተነጠፈው ባዶ አልጋ ብቻ ነው። የያዘው ፌስታል ወደቀ፤ ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«አባዬ፣ አለሁ! እዚህ ነኝ!»

ከጭኔ ወርዳ እየፈራች አልጋው ላይ ወጣች፤ ልቡ እንዲመለስ ብላ። ታማሚዋ ልጄ ጤነኛውን ታስታምም ጀመር። ያን ሐኪም መቼም ይቅር አልለውም።

አባቷ ተነስቶ ተጠጋት፤ እጁን ይዛ ተጋደመች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም።