ያልጾመው ፕሮግራም

ባሲማ የአባቷ ስልክ አሮጌና ቀርፋፋ ስለሆነ፣ የሶላት ሰዓት የሚያሰላውን ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ስትገነባ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር «ስሌቱ ትንሽ ቢዛነፍም ፍጠን» በሚለው ምርጫ ላይ አደረገችው።

ረመዳን ነበር። ፕሮግራሙ እውነትም ፈጠነ፤ ስልኩ የመግሪብን፣ የፀሐይ መጥለቂያውን፣ አዛን ሲል ባሲማ ልታፈጥር ቴምር አነሳች።

አባቷ ሸኽ ሙእሚን ግን፣ ቁርኣን ሲያቀሩ ፊደል የዋጠ ደረሳ ተማሪያቸውን እንደሚያስቆሙት፣ እጃቸውን ዘርግተው በመስኮቱ አሳዩዋት። ፀሐይዋ ገና ከከተማቸው ከመካነ ሰላም ማዶ ካለው ተራራ አናት ላይ ናት።

«አባ፣ እንዲፈጥን ብዬ ስሌቱን አላልቼበት ነው» አለች አፍራ።

«አይደለም ልጄ፣ ርቦት ነው» አሉ።

ባሲማ እየሳቀች ቴምሩን መለሰችና ጥንቃቄ ያለውን ምርጫ መርጣ እንደገና ገነባችው። በማግስቱ ስልኩ ከመስጊዱ አዛን ጋር እኩል ጮኸ።

ሸኽ ሙእሚን የመጀመሪያውን ቴምር ስልኩ አጠገብ አስቀመጡ።

«ዛሬስ ጾሟል» አሉ።