የደልማር ጆሮ

ደልማር አርካንሶ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ከሥራ መልስ ጋራዡ ውስጥ ባለው ቶርኖ የዋልነት እንጨት እየቀረጸ የዳክዬ መጥሪያ ይሠራል፤ አዳኞች ሲነፉት እንደ ዳክዬ ይጮህላቸዋል። ዘንድሮ አደን በተከፈተ በሳምንቱ ሮይስ የሚባል ደንበኛው የገዛውን መጥሪያ ይዞ ጋራዡ ድረስ መጣ።

«ሚስተር ደልማር፣ እንዳይቀየሙኝ፤ ይሄ ነገር ዳክዬ ያባርራል እንጂ አይጠራም።»

ደልማር ተቀብሎ ነፋው። ለእሱ ጆሮ እንከን የለውም።

«አነፋፍህ ነው» አለው።

ባለቤቱ ኔዲን ስኳር ድንች እየላጠች በኩሽናው በር ብቅ አለች።

«የልጁ አነፋፍ አይደለም። መጨረሻው ላይ እንደ አይጥ ሲጥ ይላል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ የሠራሃቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው።»

«እኔ ምንም ሲጥ የሚል አልሰማሁም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬህ ነበር። አልሰማኸኝም።»

ሮይስ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መኪናው ዞረ። ደልማር ፊቱ ቀላ፤ ግን አልተከራከረም። ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠውን የመጥሪያውን ስስ ምላስ አውጥቶ ረዘም ያለ ቆርጦ ከተተና ነፋ።

«ገና ነው» አለች ኔዲን።

በሦስተኛው ሙከራ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አሁን ዳክዬ ሆነ።»

ሮይስ ይዞት ሄደ። ደልማር በዚያው ሳምንት የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዘ። መጥሪያ ለገዙት ሰዎች ሁሉ እየተደወለ አምጡና ይስተካከልላችሁ ተባሉ። በስልክ ያነጋገረቻቸው ኔዲን ናት።