ቀድሞ መድረስ ያስቀጣል

ሌስተር አማቱን ቶርቫልድን ከአሜሪካዋ ዳኮታ እስከ የሎውስቶን ፓርክ ድረስ በአዲሱ መኪናው ጭኖ የመጣው ለሽርሽር ብሎ አልነበረም። የፈለገው በረታቸውን ነው። ቶርቫልድ አርባ ዓመት ፈረስ የነገዱ፣ መኪና ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። መሃል ከተማ ላይ ያለው ሰፊ የፈረስ በረታቸው ግን ለጋራዥ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሌስተር ጋራዥ የሚከፍትበትን ያን በረት ካላገኘ የሰው ሱቅ ውስጥ ሚስማር ሲመዝን ሊያረጅ ነው። ሽማግሌው ሲለመኑ ከርመው በመጨረሻ አንድ ቃል ሰጡ።

«ያን ወደ ሰማይ ይፈናጠራል የሚባለውን ፍል ውሃ ጎብኚ ከሚያመላልሰው የፈረስ ሰረገላ ቀድመህ ካሳየኸኝ፣ በረቱ ያንተ ነው።»

ለሌስተር የልጅ ጨዋታ መሰለው።

መኪና ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ዓመት፣ መኪና ያለው ሁሉ ድንኳኑንና መጥበሻውን ጭኖ ወደ ፓርኩ ይጎርፍ ነበር። ጠባቂዎቹም ፈረሶቹ እንዳይደነብሩ ብለው ሕግ አወጡ። መኪና ከአንዱ ኬላ ሲነሳ ሰዓቱ በወረቀት ይጻፋል፤ ቀጣዩ ኬላ ላይ ከተወሰነለት ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ሹፌር እንደ እብድ ነድቷል ተብሎ ይቀጣል። ሁለተኛ ከተያዘ ከፓርኩ ይባረራል። ሌስተር ደግሞ ትናንት አንዴ ተይዟል።

ዛሬ ሰረገላው ቆሞ ፈረሶቹ ውሃ ሲጠጡ አልፎት ሄደ። እየዘፈነ ነዳ። ከመጨረሻው ኬላ በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ሃያ የሚሆኑ መኪኖች ጥድ ስር ተኮልኩለው አገኘ። አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዷ ልብስ አስጥታለች፣ ሌላው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ ሌስተር።

«ፈጥነን ነዋ» አለው ካርታ የሚያከፋፍለው ሰውዬ። «አንተስ ስንት ደቂቃ ቀደምክ?»

ሌስተር ወረቀቱን ከሰዓቱ ጋር አስተያየ። አርባ ደቂቃ።

«አባባ፣ ትንሽ አረፍ እንበል» አለ ድምፁን አለስልሶ።

«ደከመህ?»

«አይ፣ ቀድመን ደርሰን ነው።»

«መቅደም አልነበር እንዴ ውርርዱ?»

ሕጉን አስረዳቸው። ሽማግሌው አገጫቸውን እያሻሹ በጥሞና አዳመጡ። «ገባኝ። እንዲህ እየተንቀጠቀጥን የመጣነው ለመቀመጥ ነው» አሉና ወርደው በመኪኖቹ መሃል መንሸራሸር ጀመሩ። አብራቸው የመጣችው የሌስተር ሚስት ኢንጋ መጥበሻዋን ይዛ የጎረቤት እሳት ዘንድ ሄደች። እሷ የቸኮለችበት ነገር አልነበረም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኮቴ ተሰማ። ሰረገላው ዝግ እያለ መጣ፤ ነጂው ለመኪኖቹ ባርኔጣውን አነሳ።

«ፈረስ ላውሳችሁ?»

ፈረስ ላይ የሰዓት ሕግ የለም፤ ኬላውን ዘው ብሎ አለፈ። ሌስተር መሪውን ጨበጠ፣ መልሶ ለቀቀው። ቢሄድ ይባረራል፣ ቢቀር በረቱ ቀረ። ትልቅ ሰው ሆኖ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሽማግሌው ሲመለሱ እጃቸው እስከ ክርናቸው በቅባት ጠቁሯል።

«ካርታ የሚጫወተው ሰውዬ ከቤቱ ከወጣ ስድስት ጊዜ ጎማ ፈንድቶበታል» አሉ። «የዚያች ሴትዮ ራዲያተር ያፈሳል። የሚያንኮራፋው ደግሞ ብሎኑ ረግፎ ሞተሩን በገመድ አስሮ ነው የመጣው። አርባ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ በሽተኛ መንጋ አይቼ አላውቅም።»

«ይበቃል አባባ። ተሸንፌያለሁ፤ በረቱን አልጠይቅዎትም።»

«ደግ አደረግህ፣ ስለማልሰጥህ። ጋራዡን የምከፍተው እኔ ነኝ። አንተን እቀጥርሃለሁ።»

ሌስተር ይሳቅ ይዘን ጠፋው። ሰዓቱ ሞልቶ መኪኖቹ መነሳት ሲጀምሩ ኢንጋ መጣች።

«ፍል ውሃውን አናይም እንዴ?»

ሽማግሌው ቀና እንኳ አላሉም፤ የካርታ ተጫዋቹን ጎማ እያወለቁ ነበር።

«አንቺ ሂጂ ልጄ። ሌስተር ሥራ ላይ ነው።»

ኢንጋ ሞተሩን አስነስታ ብቻዋን ሄደች። ሌስተር መፍቻውን አቀበላቸው።