ወደ ውጭ የዞረው ፓውዛ

በሬው ከጋጣው ጀርባ በደረቱ ተኝቶ ተገኘ። የሁለቱም የኋላ እግሮቹ ጅማት ተበጥሷል። ሊነሳ ሲታገል ያደረው መሬት በቀንዱ ታርሷል። ማሬ ከደብረ ታቦር ስትደርስ አጎቷ ፋንታው አርዶት፣ እጁን በሣር እየጠረገ ነበር።

«ሲሳይ ነው» አላት። «ለሙሽራው የላከው ስጦታ።»

ሙሽራው የማሬ ወንድም ምስጋና ነው፤ ሠርጉ ሊደርስ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ነገሩ የቆየ ነው። የማሬ አባት ሞገስ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን ሙላቴን በመጥረቢያ ገድሎታል። ማሬ ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበረች፤ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ መጥረቢያው ሲገባም ሲወጣም ሰምታለች። ሁለቱ ድምፆች አይመሳሰሉም። ሞገስ ታስሮ ሳለ ታሞ ሞተ፤ ደሙም ወደ ልጁ ወረደ። ወንድ ልጁ ምስጋና ብቻ ነው።

ካቻምና ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀመጡ። እርቅ ደም ያደርቅ ተብሎ፣ ምስጋና ስለ አባቱ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ፤ የሙላቴም ዘመዶች እየተነሱ ማሉ። የሙላቴ ልጅ ሲሳይ ግን ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር። «ስለሱ እኔ እምላለሁ» አለች እናቱ እቴነሽ። መሽቶ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ተቀበሏት። ስህተቱ ያ ነው፤ በጉና አገር ሰው በሌላ ሰው መሐላ አይታሰርም። ሲሳይ ተመልሶ ገበያ መሀል ቆመና «እናቴ የማለችው ለራሷ ነው» አለ።

በሬው በታረደ በማግስቱ ኢልያስ የዳሱን ቦታ ሊለካ በሞተር ሳይክል መጣ። የደብረ ታቦር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ እሱ ግን ለሠርግ መብራት ያከራያል። ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው።

«ሙሽሮቹ ሲገቡ ነጩ ከላይ ይወርድባቸዋል። ኬክ ሲቆረስ ወይን ጠጁ። ጭፈራው ሲደምቅ ደግሞ ሁሉም ይዞራል።»

«ጎሽ» አለ ፋንታው። «ሲሳይ ጉብታው ላይ ተጋድሞ የሙሽራው ግንባር የት እንዳለ ሲፈልግ እንዳይደክም፣ አንተ አምፖል ትሰቅልለታለህ።»

«ጋሼ፣ እኔ የማከራየው መብራት ነው። ጠላቱን የሚያቀርቡት እርስዎ ነዎት።»

ፋንታው ሳይወድ ሳቀ። ምስጋና ግን አልሳቀም።

«እታለም» አላት እህቱን፣ «በኩራዝ ከሆነ ይቅርብኝ። በየመንደሩ መብራት ያልተሰቀለበት ሠርግ አለ? ሲሳይን ፈርቶ በጨለማ አገባ ሊሉኝ ነው?»

«ይበሉሃ» አለ ፋንታው። «ሬሳ ምንም አይባልም፤ እሱን ትመርጣለህ?»

ማሬ ዳሱ የሚቆምበትን ሜዳ ታይ ነበር። ኩዌት ስድስት ዓመት ሠርታ ያመጣችው ገንዘብ ወደ ማለቂያው ደርሷል። ለጌጥ የምታወጣው የላትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ወንድሟ ከዚያ ዳስ በእግሩ ወጥቶ በነጋታው ባሕር ዳር እንዲሻገር። እዚያ ቤት ተከራይታለታለች።

«ኢልያስ፣ ፓውዛ አለህ?»

«አራት አለኝ። ሰው ዓይን ውስጥ ካስገባሁት እናቱንም አያውቃት።»

«ሙሽሮቹ ላይ አታብራ። አራቱንም ዳሱ ጣራ ላይ ስቀልና ወደ ውጭ አዙራቸው። እኛ በጨለማ እንቀመጣለን፤ የሚመጣው በብርሃን ይመጣል።»

ፋንታው ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ይኸስ የሴት አይደለም» አለ። ከእሱ ይኸ ትልቅ ምርቃት ነው። ማሬ እዚያው ቆማ ከፈለች።

የሠርጉ ቀን ጉና ላይ ጭጋግ ወረደ። ፀሐይ እንደገባች ጀነሬተሩ ተነሳ፤ ሜዳው፣ አጥሩና የበሩ መንገድ እንደ ቀትር ነጭ ሆነ። ዳሱ ውስጥ ግን ሰው አጉራሹን በድምፁ ነበር የሚለየው። የሙሽራዋ እናት አሰለፈች አጉረመረመች።

«ልጄን በጨለማ ድራችሁ አጥሩን አበራችሁት። አጥሩ ነው እንዴ የሚያገባው?»

ጎረምሶቹ በየመሀሉ እየወጡ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። በተኮሱ ቁጥር ማሬ ትደነግጥና የወንድሟን ትከሻ ትነካለች። ሙቅ ነው። በሕይወት አለ።

ሦስተኛው ዙር ጠላ ሲቀዳ የአጥሩ በር ላይ ሰው ቆመ። ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ ክላሹን በቀኝ እጁ አንጠልጥሏል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ነው። ጥቂት እርምጃ ወደ ዳሱ ቀረበ።

«ሲሳይ!» አለ አንድ ሰው።

አራቱም ፓውዛ ፊቱ ላይ ናቸው። ሲሳይ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ብርሃኑን ሊከላከል ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። ጠመንጃውም ከእጁ ጋር ተነሳ።

ምስጋና የአጎቱን ክላሽ ከጉልበቱ ላይ መንጭቆ ተኮሰ። ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ሆዱን አገኘው፤ ሲሳይ እንደሚሰግድ ሰው አጎነበሰ። ሁለተኛው ትከሻውን ገነጠለው። ሦስተኛው አንገቱን በጎን በኩል ከፈተውና ደሙ ከጋቢው በላይ ዘልሎ በብርሃኑ ውስጥ ጠቁሮ ታየ። በጀርባው ወደቀ። እግሩ መሬቱን ሁለት ጊዜ ጫረ።

ዳሱ ውስጥ ወንበር ተሰበረ፤ ሰው በሰው ላይ ወደ ኋላ በር ተጋፋ። ማሬ ወደ ፊት ሮጠች። ፋንታውና ኢልያስ ተከተሏት። ተንበርክካ መዳፏን አንገቱ ላይ ጫነች፤ ደሙ በጣቶቿ መሀል ተገፍቶ ወጣ፣ ትኩስ ነው። የሲሳይ ዓይን ፈለጋት፣ አገኛት፣ ከዚያ እሷ ላይ እንዳረፈ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ጠመንጃውን ያየችው። የጥይት ካዝናው የለም።

ካዝናው በጋቢው ጫፍ፣ በሁለት ቋጠሮ ታስሯል። ማሬ የአገሯን ወግ ታውቃለች፤ ለመሐላ የሚመጣ ሰው ካዝናውን ነቅሎ፣ በጋቢው ቋጥሮ፣ አፈሙዙን ዘቅዝቆ ይመጣል፤ ቋጠሮውን ራሱ ፈትቶ ጥይቱን ለታላቅ ሰው ያስረክብና እጁን ታጥቦ ከገበታው ይቆርሳል። ከዚያ በኋላ በመሐላው ታስሯል።

«ሊምል ነው የመጣው» አለች።

«ዝም በይ» አለ ፋንታው። ወደ ዳሱ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ሆኖ ካዝናውን ሊለይ የሚችል ዓይን የለም። «ይኸን ነገ ሽማግሌ ካየው ምስጋና እንግዳ ገዳይ ነው። እንግዳ የገደለ ደግሞ እርቅ የለውም። ባሕር ዳር አይደለም፣ ባሕር ቢሻገር አይተርፍም።»

ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው። ካዝናውን ጠመንጃው ውስጥ ሊከት ሞከረ፤ ብረቱን ከብረት አጋጨው እንጂ አልገባለትም። ማሬ ወንድሟን አየችው። የዳሱ አፍ ላይ ቆሟል፤ ክራቫቱ ወደ ጎን ዞሯል፣ ክላሹን እንደ ሕፃን አቅፎታል።

«ስጡኝ፣ አያ ፋንታው» አለች።

ኢልያስ ቆሞ ያያቸው ነበር። «ማሬ» አላት ቀስ ብሎ። «እኔ አይቻለሁ እኮ።»

«አጥፋው።»

«ማሬ...»

«መብራቱን አጥፋው አልኩህ። የከፈልኩት እኔ ነኝ።»

ኢልያስ ሄደ። ጀነሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ፤ ጨለማው ባንድ ጊዜ ወደቀ። ማሬ በደም የሚያንሸራትት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ካዝናውን በዳበሳ አስገባችው። ቀጭ አለ። ጠመንጃውን በሲሳይ መዳፍ ውስጥ አስተኛችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት። ገና አልቀዘቀዙም።

ከመንገዱ በታች፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ የበትር ኳኳታ መጣ። ቀጥሎ የእቴነሽ ድምፅ፣ ዳገቱ እያቆራረጠው።

«ሲሳይ፣ እምላለሁ ካልከኝ ወዲህ እግርህ አይደረስበት። ዳሱ ገባህ? ተኩሱን ሰማሁት፤ በደስታ ተቀበሉህ አይደል?» በትሩ ድንጋይ ፈለገ። «የቤት ሰዎች፣ መብራቱን ምነው አጠፋችሁት? መንገዱ ጠፋኝ እኮ።»