ጊታሬን የሰማሁበት ቀን

ኤሌክትሪክ ጊታር ከገዛሁ ዓመት አልፎኛል፤ ድምፁን በቅጡ ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር። አብሬያት የምኖረው አክስቴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለሆነች ቀን ቀን ትተኛለች። አምፕ የሚባለውን ድምፅ ማጉያ ይዞ መግባት ማለት ጓዝን ጠቅልሎ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ አገጬን ጊታሩ ትከሻ ላይ አስደግፌ፣ በእንጨቱ በኩል ወደ አጥንቴ የሚመጣውን እያዳመጥኩ ተለማመድኩ። የጎደለውን በሐሳቤ እሞላዋለሁ። በሐሳቤ ደግሞ እንደኔ የሚጫወት አልነበረም።

አንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። የልምምድ ክፍላቸው ከጎማ ጠጋኞች በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። የባንዱ መሪ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ቤዝ ተጫዋች፣ ጥግ ላይ ወደተደረደሩት አምፖች በአገጩ ጠቆመኝ።

«ሦስት ናቸው። የተስማማህን ምረጥና ከእሷ ጋር አንድ ዘፈን ትሞክራላችሁ። ከተግባባችሁ የእኛ ነህ። ካልሆነም ያው፣ ተዋወቅን።»

እሷ ያላት ድምፃዊቷን ነው። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች።

ትልቁ አምፕ ላይ ሰካሁና ክሮቹን መታሁ። ክፍሉ ተናወጠ። ፒክአፕ የሚባሉትን፣ ከክሮቹ ሥር ሆነው ድምፁን የሚቀበሉትን ማግኔቶች እያቀያየርኩ ሞከርኩ። የታችኛው ቆርቆሮ እንደሚቆረጥ ይጮኻል፤ ወደ አንገቱ ያለው ደግሞ አፉን በትራስ እንዳፈኑት ሰው ያጉረመርማል።

«ወንድሜ፣ ምን አደረግንህ?» አለች ድምፃዊቷ።

«ተዪው፣ ጎማ ጠጋኞቹም ይነቃቁበት» አለ ድራመሩ። ወሬ ስለማያልቅበት «ዝምታው» ነው የሚሉት።

መካከለኛው ላይ ሰካሁ፤ ድምፁ ገና ስነካው ይሰነጠቃል። ለኪቦርድ የሚጠቀሙበት ትንሹ ጥርት ያለ ነበር፤ ጥራቱ ግን የእጄን ጉድ አንድም ሳያስቀር አወጣው። እንደምንም በእሱ ዘፈኑን ጀመርን። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምጿ አይሰማኝም። መሃል ላይ አቆመች።

«ዋጥከኝ እኮ» አለች፣ ሳትቆጣ።

ዓመት ሙሉ ያለምኩት ነገር በአንድ ዘፈን ግማሽ ሊያልቅ ነው። ገመዱን መንቀል ጀመርኩ።

«ጊታሩ ነው ጋሼ፤ ፒክአፖቹ አይረቡም መሰለኝ» አልኩ።

መሪው ቀረብ ብሎ አየው። «ቮሊዩሙ የት ላይ ነው?»

ጎንበስ ብዬ ጊታሩ ላይ ያለውን ማዞሪያ አየሁ። ጥግ ድረስ ዞሯል። የድምፁን ስለት የሚያበርደው ቶኑም እንዲሁ።

«ነክቻቸው አላውቅም» አልኩ። «ያለ አምፕ ነው የምለማመደው። ቢዞሩም ባይዞሩም ያው ነው።»

«ጌጥ መስለውት ነው» አለ ዝምታው።

መሪው አልሳቀም። «በል ሰክተህ ተዋወቃቸው። ደግሞ ክሩን አትደብድበው፤ አሁን አምፑ ያግዝሃል» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ወደ ትልቁ አምፕ ተመለስኩ። ቮሊዩሙን ወደ ግማሽ አወረድኩ፤ ቶኑን ጥቂት ቀነስኩ። መቀያየሪያውን ሁለቱም ፒክአፖች አብረው የሚሠሩበት መሃል ላይ አደረግኩና አንድ ክር በቀስታ ነካሁ። የወጣው ድምፅ ያለምኩት አልነበረም። ካለምኩት ቀጠን ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ደግሞም የራሴ ነበር። ሌላ ክር ጨመርኩ። ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ያንኑ ደጋገምኩት።

ድምፃዊቷ ማንም ሳያዛት ብርቱካኗን አስቀምጣ ማንጎራጎር ጀመረች። ቃላቱ ጥርት ብለው መጡ። እሷ ስትተነፍስ እኔ ገባ እላለሁ፤ ስትመለስ እለቅላታለሁ። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፤ አንዱን አውቃብኝ ፈገግ አለች። ጨረስን።

«ሰኞ ሥራ አለን» አለ መሪው እየተነሳ። «እንግዲህ ትልቁን አምፕ ከመረጥክ አዲስ የገባ ነው የሚሸከመው።»

«ወገብህን አደራ» አለ ዝምታው።

እጀታውን ይዤ ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም። እጄን አራግፌ እንደገና ያዝኩት።