ከሩቲ የምርቃት ፎቶ የወጣ ሰው

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሚስማሩን የመታሁት ፎቶው ሳይታተም ነው። እሁድ ሩቲን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ገብተው ሲቀመጡ ፊት ለፊታቸው ልጄን የምርቃት ጋውን ለብሳ፣ እናቷን ወለተ ሐናን፣ ከዚያ እኔን አባቷን ይዩ ብዬ ነው። ወንድሜን ሀብተጊዮርጊስን ግን አያዩትም።

እሱ ሱፉን ለብሶ ቦርጩን ገፍቶ ከቆመ አባትየው እሱ ይመስላል። ድሮም እንዲሁ ነው። ቤተሰቦቻችን እኔን ከአምስተኛ ክፍል አስወጥተው እንሰትና ከብት ሲያስጠብቁኝ እሱ አዲስ አበባ ገባ፣ ተማረ፣ ነገደ። ለመስቀል አገራችን ቸሃ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ ብድግ ይልለታል። እኔ ትዝ የምላቸው ክትፎው ሊያልቅ ሲል ነው። ባለፈው መስቀል ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት “ሩቲን ያስተማርኳት እኔ ነኝ” አለ። ላፕቶፕ ስለገዛላት! እኔ ወልቂጤ ቁጭ ብዬ ሚስማርና ቀለም ስሸጥ የኖርኩት ለማን ነው?

ፎቶውን ያነሳው በኃይሉ መናኸሪያው አጠገብ ስቱዲዮ አለው። ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሲያነሳን ሴቶቹን መሀል አድርጎ እኔን በአንዱ ጫፍ፣ ወንድሜን በሌላው ጫፍ አቆመን። “ጋሼ፣ ራቅ ይበሉ፣ ነጠላቸውን እንዳይነኩ” አለኝ። ከገዛ ሚስቴ! ደሜ ፈላ። ወንድሜንም ሲያርቀው ሳይ ግን ራቅ አልኩ።

ትናንት ስቱዲዮው ገብቼ “ያንን ቦርጫም አጥፋልኝ” አልኩት።

“የእርስዎ አልቋል እኮ፣ ጋሽ ሰይፉ” አለና ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተልኝ።

ወንድሜ አለ። ሚስቴ አለች። ልጄ አለች። እኔ የለሁም።

የቆምኩበት ቦታ ሣር በቅሏል። ጫማዬ የለም፣ ጥላዬ እንኳ የለም። ሳላስበው ደረቴን ዳሰስኩ።

“የት ሄድኩ?” አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

“ውይ ይቅርታ፣ ይሄ የጋሽ ሀብቴ ነው። የእርስዎ ሌላ ነው።”

“ማነው እኔን አጥፋ ያለህ?”

“ሩቲ ናታ። ከምርቃቱ በፊት መጥታ ‘ሁለቱን ጫፍና ጫፍ አቁምልኝ፤ ማንንም እንዳይነኩ፣ በኋላ ለማውጣት እንዲመች’ አለችኝ። ጎበዝ ናት፤ ብትነካኩ ኖሮ ዓይኔ ይጠፋ ነበር። ከጎን ያለውን ሣር በእጄ ትንሽ ትንሽ እየቀዳሁ ነው የደፈንኩዎት።”

“እንደ ጉድጓድ?”

“ያስቸገረኝ ጥላዎ ነው” አለ፣ ሥራውን እንዳመሰግንለት ሁሉ።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። “አንቺ ልጅ! አባትሽን ነው በሣር የምትሸፍኚው?”

“አየኸው እንዴ፣ አባዬ?” አለች፣ ሳትደነግጥ። “አጎቴ ‘ሰይፉ ያለበትን ቤቴ አልሰቅልም’ አለኝ። አንተም እሱን አስጠፋለሁ ብለህ እንደምትሄድ አውቅ ነበር። ያንተንም አሠርቼልሃለሁ። አሁን በኃይሉ ጋ አይደለህ?”

እዚያው ነኝ።

“አንቺስ የቱን ልትሰቅዪ ነው?”

“ሦስተኛውን” አለች። “የሚያገባኝ ልጅ ቤትም የላክሁት እሱን ነው።” ስልኩን ዘጋችው።

በኃይሉ ሦስተኛውን ከፈተው። ሩቲና እናቷ ብቻ ናቸው። ግራና ቀኙ ሣር ነው፣ ባዶ ሣር። እሁድ የሚመጡት ሰዎች ያዩት ይሄንን ነው። አባት የሌላት ልጅ። ደግሞ ሁለቱም ፈገግ ብለዋል፤ እኔ ከጎናቸው ሳለሁም እንዲህ ፈገግ ብለው ነበር እንዴ? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ዋናውስ? ሁላችንም ያለንበት?”

“አጥፋው ብላኛለች። እስካሁን አላጠፋሁትም።” ጣቱ ማውሱ ላይ ነው። “ላጥፋው?”

“ቆይ!” ብዬ ጮህኩ። ውጭ የቆመው ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። “እሱን አትምልኝ። ትልቅ አድርገህ።”

“ጋሽ ሀብቴም ይኑሩበት?”

“ይኑር። የቆመው ግን ጫፍ ላይ ነው፣ አይደል?”

“ሁለታችሁም ጫፍ ላይ ናችሁ፣ ጋሼ” አለኝ።