የይለፍ ቃል እቁብ

ገራ በር ኮሌጅ በለጋሾች ገንዘብ የኤአይ አካውንት ሲገዛ ሪባን ተቆርጧል። እውነቴን ነው። የሚቆረጥበት በር ስላልነበረ ሪባኑን በምክትል ዲኑ በዶክተር ለይኩን ላፕቶፕ ላይ ጠመጠሙት፤ እሱም መቀስ ተቀብሎ ቆረጠው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አንደበቴ እሺ አይለኝም። በግቢው በር ላይ የተሰቀለው ባነር «የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተደራሽነት ለሁሉም መምህርና ተመራማሪ» ይላል። ሁሉም የተባልነው አዳራሽ እንሞላለን። አካውንቱ አንድ ነው።

አካውንቱ የተከፈተው በለይኩን ስልክ ነው። ለመግባት የሚያስፈልገው ኮድ እሱ ስልክ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ ጥያቄ ያለው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሰሞን ሁላችንም በአንድ ላይ ገባንና ገና ረፋድ ላይ «የአጠቃቀም ገደብዎ አልቋል፤ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ መጣ። በመምህራን ክበብ ውስጥ ስድብ ቀረሽ ክርክር ሆነ። ማኔጅመንት የሚያስተምረው ዋቅጅራ በከተማችን ከበቾ ቦሬ ሰፈር እስከ ጊንጆ ላለው እቁብ ሁሉ ጸሐፊ ነው ማለት ይቻላል። እሱ መላ አመጣ።

«እቁብ እናድርገዋ። ለአንድ ሰው አንድ ሳምንት፣ በእጣ።»

እቁብ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምተዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ያለ እጣ ለዳኛው ነው። ዳኛው ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ኮዱ የሚመጣው በማን ስልክ ሆነና።

ሳምንታቱን ምን እንደሠሩባቸው ልንገራችሁ። ዋቅጅራ ለሚስቱ ወንድም ሠርግ የሽማግሌ ንግግር አስጻፈበት፤ ንግግሩ ረዝሞ ሙሽራው ቆሞ ደከመው ይባላል። አንዱ ቅዳሜ የሚጫወቱትን ቡድኖች ውጤት ሲያስገምት ከረመ። ሌላው የተማሪ ወረቀት ላይ ኤአይ ከሸተተው ዜሮ የሚሰጥ ጨካኝ ነው፤ እሱ ፈተናውን አስወጣ፣ መልሱንም አሠራ፣ ከዚያም ተማሪዎቹ መልሱን ሳቱ ብሎ ወረደባቸው። ምርምር የሚባለውን ነገር ያነሳ የለም።

ምርምር የያዘችው ማሂራ ነበረች። ቢሮ እንጋራለን፤ እኔ ስታትስቲክስ፣ እሷ ዕፅዋት ሳይንስ እናስተምራለን። የአጋሮ ልጅ ናት። የአባቷ ቡና ፍሬው እየጠቆረ እየረገፈ ሲያስቸግራቸው ግማሹን ነቅለው ጫት ተክለውበታል። እሷ ደግሞ በአጋሮ፣ በገራና በሊሙ ገነት እየዞረች በሽታው በየትኛው ጥላ ስር፣ ከምን ዓይነት ዝናብ በኋላ እንደሚብስ ገበሬዎቹን በኦሮምኛ ስትጠይቅና ድምፃቸውን ስትቀዳ ከርማለች። አንድ የውጭ አገር የምርምር ተቋም ለዶክትሬት ትምህርቷ ሙሉ ወጪዋን ሊሸፍን ከመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር አስገብቷታል። የሦስቱንም ወረዳ የመጀመሪያ ውጤት እስከ ዓርብ ማታ መላክ ነበረባት። ያን ሁሉ ድምፅ በጆሮ ሰምቶ፣ በእጅ ጽፎ፣ ለይቶ ለመጨረስ ጊዜው አይበቃም። በነፃ የሚሰጠው ኤአይ ከጥቂት ገጽ በኋላ ነገ ተመለሺ ይላታል። የሚከፈልበት ደግሞ በብር አይገዛም፤ የዶላር ካርድ ይፈልጋል፤ እሱን እኛ ከየት እናመጣዋለን? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ የዚያ ሳምንት እጣ ለእኔ ወጣ። በእቁብ ደንብ ሠርግ ወይም ሐዘን ለገጠመው ሰው እጣን መልቀቅ የተለመደ ነው። ለማሂራ ለቀቅኩላት። ለይኩን ግን ጉባኤ ይጠራ አለ።

ጉባኤው ተጠራ። አንዱ «ዛሬ ለእሷ ከሰጠን ነገ ሁሉም ችግረኛ ነኝ ይላል» አለ። ሌላው፣ መምህር ነው እንግዲህ፣ «ማሽኑ ሳምንቱን ሙሉ ቡና ብቻ ተምሮ የእኛን ትምህርት ቢረሳብንስ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተያዘ። በመጨረሻ ፈቀዱላት፣ ዋቅጅራም መረቃት።

ሰኞ ጠዋት ኮዱን ተቀብላ ጀመረች። የአጋሮው ድምፅ በጥሩ ሁኔታ እየተጻፈ ሳለ ያ ጽሑፍ መጣ፤ ገደብዎ አልቋል። ጠበቅን። ተመለሰ፣ ጥቂት ሠራ፣ እንደገና አለቀ። ማክሰኞም እንዲሁ። ኔትወርክ ነው ብለን ጊንጆ ካለ ካፌ ሄድን። ፋይሉ ከብዶት ይሆናል ብለን ቆራረጥነው። ረቡዕ መብራት ጠፋ፣ እሱን እንኳ በማንም አላላከክንም።

ሐሙስ ማሂራ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና ጠራችኝ።

«ንግስቴ፣ ማሎ፣ በናትሽ ነይ እስኪ። ይሄን እኔ አልከፈትኩትም።»

በጎን በኩል ከተደረደሩት ውይይቶች አናት ላይ አዲስ ተጨምሯል። ርዕሱ «የሴት ተመራማሪዎች የኤአይ ተደራሽነት፤ የስኬት ሪፖርት» ይላል። ከፈተችው። ለካ ለይኩን ኮዱን ለሌላው ሲሰጥ እሱ ራሱ ከአካውንቱ ወጥቶ አያውቅም፤ ሳምንቱን ሙሉ ከውስጥ ነበር። ሪፖርቱ ስለ ማሂራ ነው። በኮሌጁ ድጋፍ የሦስት ወረዳ ምርምሯን በስኬት አጠናቀቀች ይላል። ከሥሩ የሱ ትዕዛዞች ተከታትለዋል፤ ይበልጥ ልብ የሚነካ አድርገው። አርሶ አደር አባቷን ጨምርበት። አሁንም አስረዝመው። እንባ ይኑርበት፣ ግን አይብዛ።

«እኔ አላለቀስኩም» አለች ማሂራ።

ተያይዘን ቢሮው ሄድን። ሻይ አዘዘልን።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እስከ ነገ ከአካውንቱ ይውጡልኝ» አለችው። «ገደቡን እየጨረሱብኝ ነው። የገራና የሊሙ ገና አልተነካም።»

«የምጽፈው እኮ ስላንቺ ነው።»

«አውቃለሁ። አነበብኩት።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም?» አለ፣ እውነት ገርሞት። «ይሄ ሪፖርት ነገ ለለጋሾቹ መድረስ አለበት። ከወደዱት ለከርሞ ሁለተኛ አካውንት ይሰጡናል። ያኔ አንቺን ነው የማስቀድመው።»

«ለከርሞ ምን ያደርግላታል?» አልኩት። «ቀኗ ነገ ነው።»

«ዳኛ ከእቁቡ አይወጣም፣ መምህርት ንግስት። ደንቡን አብረን ነው ያወጣነው።»

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የሚለው ተረት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማሂራ ክንዴን ያዘችና ይዛኝ ወጣች።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ካፌው ውስጥ ተቀመጠች፤ ገደቡ ያን ቀንም አልቋል። እኔ በጆሮዬ እየሰማሁ ልጽፍላት ሞከርኩ፤ ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፣ የገራ ሽማግሌ ሲያወራ ግማሹ ያመልጠኛል። ሲመሽ ያላትን ላከች፤ የአጋሮውን ብቻ። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። በጨዋ ቋንቋ አመስግነው፣ ያልተሟላ ሥራ እንደማይመለከቱ ጻፉላት። አባቷ ሲደውሉ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። «ቶሌ አባ፣ እሺ፣ ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ» ስትል ሰማኋት። እኔ ካፌው ውስጥ እንደ እብድ ብቻዬን ስራገም ነበር።

ለጋሾቹ ሪፖርቱን ወደዱት። ሊያዩን መጡና በአዳራሹ ተሰበሰብን። ለይኩን ከመድረክ ላይ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ አነበበው፤ እንባው ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ «ባለታሪኳ እዚሁ አለች፤ ምስክርነቷን ትስጠን» አለ።

ማሂራ ወጣች። ሻሿን አስተካከለች፣ ማይኩን ተቀበለች።

«አሰላሙ አለይኩም። ሪፖርቱ ላይ ያለችው ማሂራ የሦስቱንም ወረዳ ሥራ ጨርሳለች ሲባል ሰማሁ። እኔ አንዱን ብቻ ነው የጨረስኩት፣ ሳምንቴን ዶክተር ሪፖርቱን ሲጽፉበት ስለነበሩ የትምህርት ዕድሉም አመለጠኝ። ያቺን ልጅ የሚያውቃት ካለ ያገናኘኝ። የገራና የሊሙን ውጤት ትስጠኝ፣ ገበሬዎቹ ይጠብቃሉ።»

ማይኩን መልሳ ወረደች። ለይኩን መነጽሩን አጠለቀና ፈገግ ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ተመራማሪያችን» አላቸው፣ «እንደምታዩት በጣም ትሁት ናት።»